የአንድን አገር ኢኮኖሚ ለማንበብ፦ ሥርዓቱንና ዘርፉን ሳያምታቱ መለያ ዘዴ

ለስድስት ዓመት ያህል እንጀራዬ ቅጽ ማንበብ ነበር። ድርጅቶች ምን እንደሚሠሩ በሁለት መስመር ጽፈው ይልካሉ፤ እኔ አንብቤ ከጎኑ የዘርፍ ቁጥር እሰጣለሁ። ይኼኛው ግብርና፣ ያኛው ፋብሪካ፣ ይኼ ደግሞ ንግድ እያልኩ። ከዚያ ወጥቼ የማታ ተማሪዎችን ኢኮኖሚክስ ማስተማር ስጀምር፣ ቅጽ የሚሞሉት ሰዎች ይሳሳቱት የነበረውን ስሕተት ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሲደግሙት አየሁ። "የአንድ አገር ኢኮኖሚ ዘርፎች ምን ምን ናቸው?" ስል ግማሹ ክፍል "ግብርና፣ ኢንዱስትሪ፣ አገልግሎት" ይላል። ሌላው ግማሽ "የግልና የመንግሥት" ይላል። ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ "ካፒታሊዝምና ሶሻሊዝም" ብለው ይገላገላሉ።

ሦስቱም መልስ ናቸው፤ ግን የሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ። የመጀመሪያው የሚመልሰው "ምን ይሠራል?" የሚለውን ነው፣ ሁለተኛው "የማን ነው?" የሚለውን፣ ሦስተኛው "ማን ይወስናል?" የሚለውን። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ዘርፍ የምንለው ቃል የሁለቱን ሸክም ብቻውን ስለተሸከመ ነው፤ የግብርና ዘርፍም እንላለን፣ የግል ዘርፍም እንላለን። ስለዚህ አንድ ጋዜጣ "ዘርፉ አደገ" ሲል የትኛውን ዘርፍ እንደሆነ ካልጠየቃችሁ የቀረውን ማንበብ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሦስቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ላስይዛችሁ። ሰው አብዝቶ የሚከራከርበት "ማን ይወስናል?" ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማን ይወስናል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የአገርን ኢኮኖሚ ስም የሚያወጡት ግን ፖለቲከኞች ናቸው፤ ስለዚህ ሕገ መንግሥት ላይ የተጻፈውን ቅጽል ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት።

የመማሪያ መጻሕፍት አራት ዓይነት ሥርዓት ይዘረዝራሉ፦ ልማዳዊ፣ ዕዝ (መንግሥት አቅዶ የሚያዝበት)፣ ገበያና ቅይጥ። የሚለያዩት ማንኛውም ማኅበረሰብ የማያመልጣቸውን ሦስት ጉዳዮች በሚፈቱበት መንገድ ነው። ምን ይመረት? እንዴት ይመረት? የተመረተውስ ለማን ይድረስ? መሬቱም፣ ጉልበቱም፣ ማሽኑም የተወሰነ ስለሆነ አንዱን የመረጠ ሌላውን መተዉ አይቀርም። በልማዳዊ ኢኮኖሚ መልሱ የሚገኘው ከትናንት ነው፤ አባት ዓሣ አጥማጅ ከነበረ ልጅም ያጠምዳል፣ የተያዘውም ዓሣ ድሮ ይከፋፈል በነበረበት ደንብ ይከፋፈላል። ዛሬ በዚህ ብቻ የሚተዳደር ሙሉ አገር የለምና ለፈተና ያህል ይዛችሁት እለፉ።

የቀሩትን ለመለየት አራት ነገር እጠይቃለሁ። ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው? መሬቱና ማሽኑ የማን ነው? ድርጅቱ ሲከስር ከማን ኪስ ይወጣል? አራተኛዋን ከሁሉም እወዳታለሁ፦ ዕቃ ሲያጥር ዋጋው ይንራል ወይስ ሰልፉ ይረዝማል?

ገበያ በሚወስንበት ቦታ ዋጋው ይንራል። ገንዘብ ያነሰው ሳይገዛ ይመለሳል፤ የዋጋው መናር ግን ለሌሎች አምራቾች ጥሪ ነው፤ ውለው አድረው ያንን ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። በዕዝ ሥርዓት ዋጋው ባለበት ይቆማል፤ ሰልፉ ይረዝማል፣ ሳይገዛ የሚመለሰውም ለመሰለፍ ጊዜ ያጣ ወይም ከመጋዘን ጀርባ የሚያውቀው ሰው የሌለው ነው። ተማሪዎቼ "የትኛው ይሻላል?" ይሉኛል። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዩ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የዕዝን ነገር በቅርብ ለማየት ከሶቪየት ኅብረት የተሻለ ምሳሌ የለም። የዕቅድ ኮሚቴው ጎስፕላን በ1921 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ በ1928 ተጀመረ። አሠራሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ይህን ያህል ትራክተር እንፈልጋለን፤ ለዚያ ይህን ያህል ብረት፣ ለብረቱ ይህን ያህል የድንጋይ ከሰል፣ ለከሰሉ ይህን ያህል ባቡር። ሁሉም ከሁሉም ጋር እስኪገጥም ድረስ ሠንጠረዡን ታመሳክራላችሁ፤ ከዚያ ለየፋብሪካው ኮታ ይወርዳል።

ጣጣው ያለው "ይህን ያህል" የሚለው ቃል ውስጥ ነው። በምን ይለካ? ኮታው በቶን ከሆነ ፋብሪካው ከባድ ዕቃ ይሠራል። ይህን ስል ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ ግን የአገሪቱ መሪ ኒኪታ ክሩሽቾቭ ራሱ በ1959 በአደባባይ ያማረረው ነገር ነው። የጣሪያ መብራት የሚሠሩት ፋብሪካዎች ዕቅዳቸው በክብደት ይለካ ስለነበር መብራቱን እያከበዱ ያመርቱ ነበር። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሞኝ አልነበረም። ጉርሻው በኪሎ ከሆነ ኪሎ ያመርታል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር።

ኦስትሪያዊው ኢኮኖሚስት ሉድቪግ ፎን ሚዝስ በ1920፣ ፍሪድሪክ ሃየክ ደግሞ በ1945 የጻፉት ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ሚዝስ ያለው፣ የማምረቻ መሣሪያዎች ካልተሸጡና ካልተለወጡ እውነተኛ ዋጋ አይኖራቸውም፤ ዋጋ ከሌለ ደግሞ ከሁለት አሠራሮች የትኛው እንደሚያከስር ማስላት አይቻልም ነው። ሃየክ የጨመረው፣ ለውሳኔ የሚያስፈልገው እውቀት በሚሊዮን ሰዎች ጭንቅላት ተበታትኖ ያለ መሆኑን ነው። ይህ ጉድጓድ ውኃ እንዳነሰው፣ ያኛው ማሽን ሲሞቅ እንደሚያቆም የሚያውቀው አጠገቡ ያለው ሰው ነው፤ ሪፖርት ሆኖ ዋና ከተማ እስኪደርስ ነገሩ አልፎበታል።

ይህ ንድፈ ሐሳብ መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ሁልጊዜ የምነግራቸው በቻይናዋ አንሁዊ ክፍለ ሀገር የምትገኘውን የሺያዎጋንግን መንደር ታሪክ ነው። በ1978 መጨረሻ ገደማ 18 ገበሬዎች በምስጢር ተሰብስበው አንድ ወረቀት ላይ ተፈራረሙ። የጋራውን መሬት በየቤተሰቡ ይከፋፈላሉ፤ ለመንግሥት የሚገባውን ኮታ ያስገባሉ፤ የተረፈው ለአምራቹ ይሆናል። በጊዜው ይህ ወንጀል ነበር። ስለዚህ ውሉ ላይ አንድ ነገር አከሉበት፦ መሪዎቻችን ቢታሰሩ የቀረነው ልጆቻቸውን 18 ዓመት እስኪሞላቸው እናሳድጋለን። በቀጣዩ ዓመት መሬቱ ያው፣ ሰዎቹም ያው ነበሩ፤ ምርቱ ግን በብዙ እጥፍ ጨመረ። የተለወጠው "የተረፈው ለማን?" የሚለው መልስ ብቻ ነበር። የቤተሰብ ኃላፊነት የተባለው ይኸው አሠራር ቀስ በቀስ የመላ አገሪቱ ሆነ።

ዕዝ ግን ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ገበሬዎች በጓሯቸው የሚያለሟት ቁራጭ መሬት ከታረሰው መሬት 3 በመቶ ገደማ ነበረች፤ የምትሰጠው ግን የግብርናውን ምርት ሩብ ያህል ነበር። ሰሜን ኮሪያ ውስጥም ከ1990ዎቹ ረኀብ በኋላ የመንግሥት ራሽን ሲቋረጥ ሰው ራሱ ያቋቋማቸው ገበያዎች ሥር ሰደዋል።

ወደ ገበያው ስንመጣ የምመርጠው ምሳሌ የምዕራብ ጀርመን ነው። ሰኔ 20 ቀን 1948፣ እሑድ ዕለት፣ አዲሱ ማርክ መታደል ጀመረ፤ የኢኮኖሚ አስተዳደሩ ኃላፊ ሉድቪግ ኤርሃርድ ደግሞ አብዛኛውን የዋጋ ቁጥጥር አብሮ አነሣ። ሰኞ ጠዋት የሱቅ መስኮቶች ሞልተው ታዩ። አንድ ተማሪዬ "በአንድ ሌሊት ማን አመረተው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ማንም አላመረተውም። ዕቃው ቀድሞም ነበረ፤ በማይረባ ገንዘብና በተቆረጠ ዋጋ ከመሸጥ ይሻላል ተብሎ መጋዘን ተቆልፎበት ነበር።

ከዚህ ተነሥታችሁ "ገበያ ካለ መንግሥት አያስፈልግም" የሚል መልስ ፈተና ወረቀት ላይ እንዳትጽፉ። ውል የሚያስከብር ፍርድ ቤት ከሌለ ብድርም የለም፣ ብድር ከሌለ ፋብሪካም የለም። የፋብሪካው ጭስ ዋጋ ስለሌለው ገበያ አይቆጥረውም፤ ጎረቤቱ እየሳለ ይከፍለዋል። ገበያ የሚሰማውም የሚከፍልን ሰው ድምፅ ነው፤ መድኃኒቱን የሚፈልገውና መድኃኒቱን መግዛት የሚችለው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። የገበያ ኢኮኖሚ ምሳሌ ሆና በምትጠራው በአሜሪካ እንኳ ከአገሪቱ መሬት 28 በመቶ ያህሉ የፌዴራል መንግሥቱ ንብረት ነው።

ቅይጥ የሚለው ቃል ራሱ ችግር አለበት። ሁሉም አገር ቅይጥ ከሆነ ቃሉ ምንም አልነገረንም ማለት ነው። መፍትሔው አገሪቱን በጅምላ መሰየም ትቶ ነገሮቹን ነጣጥሎ መጠየቅ ነው፦ መሬት? ቤት? ደመወዝ? ባንክ? ንግድ? እያንዳንዱን ለብቻው።

ሲንጋፖርን ውሰዱ። ለንግድ ምቹ ናቸው በሚባሉ አገሮች ዝርዝር ላይ ከፊት አትጠፋም፤ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ የለም ማለት ይቻላል፣ ካፒታል እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ነፃ ገበያ ናት። መሬት ስትሏት ግን አብዛኛው የመንግሥት ነው። ቤት ስትሏት ከነዋሪዎቿ 80 በመቶ የሚጠጉት መንግሥት በሠራቸው ቤቶች ይኖራሉ። በአንድ ቃል ልጥራት ያለ ሰው የግድ ግማሹን ይዋሻል።

ስዊድንን ደግሞ "ሶሻሊስት አገር" የሚል ሰው አይጠፋም። ግብሩ ከባድ ነው፣ የመንግሥት አገልግሎቱም ሰፊ ነው፤ እውነት። ፋብሪካዎቹ ግን በአብዛኛው የግል ናቸው። በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝም የላትም፤ ደመወዙን የሚደራደሩት የሠራተኛ ማኅበራትና አሠሪዎች ናቸው። ግብር ሰብስቦ ማከፋፈል አንድ ነገር ነው፣ ምን እንደሚመረት ማዘዝ ሌላ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው ዕዝ።

ቻይና በ1992 "ሶሻሊስታዊ የገበያ ኢኮኖሚ" የሚለውን ስም በይፋ ወሰደች። የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፤ ቤት የገዛ ሰው በመሬቱ ላይ የሚያገኘው የ70 ዓመት የመጠቀም መብት ነው። የአብዛኛውን ዕቃ ዋጋ የሚቆርጠው ግን ገበያ ነው። ቬትናም በ1986 ዶይ ሞይ በተባለው ማሻሻያ ተመሳሳይ መንገድ ጀመረች። ኩባም በ2019 ሕገ መንግሥቷ ለግል ንብረት እውቅና ሰጠች፤ በ2021 ደግሞ እስከ 100 ሠራተኛ የሚይዙ የግል ኩባንያዎችን ፈቀደች።

ሦስተኛዋን ጥያቄ፣ "ሲከስር ከማን ኪስ ይወጣል?" የምትለዋን፣ ችላ አትበሏት። የሃንጋሪው ኢኮኖሚስት ያኖሽ ኮርናይ የመንግሥት ፋብሪካዎች ለምን እንደማይቆጥቡ ሲያስረዳ "ለስላሳ የበጀት ገደብ" ያለው ነገር ነው፤ ከስረው እንደማይዘጉ ስለሚያውቁ ወጪያቸውን አይጨነቁበትም። ይህ ግን የሶሻሊዝም ብቻ በሽታ አይደለም። በ2008 የገንዘብ ቀውስ የአሜሪካ ምክር ቤት ባንኮችን ለመታደግ 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቅዷል። ትርፉ የግል ሆኖ ኪሣራው የሕዝብ የሆነበትን ቦታ ስታገኙ ዳር ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ስሙ ምንም ይሁን ምን።

አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ዲሞክራሲና አምባገነንነት የዚህ ጥያቄ መልስ አይደሉም፤ እነሱ ስለ መንግሥት ሥልጣን ናቸው። የጄኔራል ፒኖቼ ቺሊ ገበያው ነፃ፣ ሕዝቡ ግን በወታደር የሚገዛ ነበር።

የማን ነው?

ይኼኛው አጭር ነው። የግል ዘርፍ፣ የመንግሥት ዘርፍ፣ በመካከላቸው ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች። ወጥመዱ ሁለት ነው።

አንደኛው አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠ ኩባንያ ነው። "የሕዝብ ኩባንያ" ሲባል ተማሪዎች ወደ መንግሥት ዘርፍ ይወስዱታል፤ ባለቤቶቹ ግን አክሲዮን የገዙ ግለሰቦችና ድርጅቶች ናቸውና የግል ዘርፍ ነው። መንግሥት አብላጫውን ሲይዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኢኩዊኖር የተባለው የኖርዌይ ነዳጅ ኩባንያ አክሲዮኑ በገበያ ይሸጣል ይለወጣል፣ 67 በመቶው ግን የኖርዌይ መንግሥት ነው። በስም አትፍረዱ፤ ድርሻ ቁጠሩ።

ሁለተኛው ኢ-መደበኛ ዘርፍ ነው። ቃሉ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው የተለመደው፤ አንትሮፖሎጂስቱ ኪዝ ሃርት አክራ ላይ ካደረገው ጥናትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ1972 ስለ ኬንያ ካወጣው ሪፖርት። ያልተመዘገበ፣ ግብርም ጡረታም የማያውቀው ሥራ ማለት ነው። ሕገወጥ ዕቃ መሸጥ ማለት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ያዙ። የሥራ ድርጅቱ በ2018 ባወጣው ግምት ከዓለም ሠራተኞች 60 በመቶ የሚበልጡት፣ 2 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ የሚሠሩት በዚህ መልክ ነው። የየአገሩን የዘርፍ አሃዝ ስታነቡ ይህን ያህል ሰው ቅጽ እንደማይሞላ አስቡ። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ከእነሱ የመጣ ቅጽ አንድም አልደረሰኝም።

ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ቀድሞ ሥራዬ መጣን።

ኢኮኖሚን በሦስት መክፈል የቆየ አይደለም። አለን ፊሸር በ1935፣ ኮሊን ክላርክ በ1940፣ ፈረንሳዊው ዣን ፉራስቲዬ በ1949 ነው ያደላደሉት። የመጀመሪያው ዘርፍ ከተፈጥሮ በቀጥታ ይወስዳል፦ እርሻ፣ ከብት እርባታ፣ ደን፣ ዓሣ፣ ማዕድን። ሁለተኛው የተወሰደውን ለውጦ ሌላ ዕቃ ያደርገዋል፦ ፋብሪካና ግንባታ። ሦስተኛው ለሌላው ይሠራል እንጂ ዕቃ አይሠራም፦ ንግድ፣ መጓጓዣ፣ ባንክ፣ ትምህርት፣ ሕክምና። አንዳንዶች እውቀትና ምርምርን ነጥለው አራተኛ ይሉታል፤ ይፋ አሃዞች ግን በብዛት በሦስቱ ስለሚወጡ እኔ አላስቸግራችሁም።

ለሥራ የሚያገለግለው ዝርዝር የተባበሩት መንግሥታት ከ1948 ጀምሮ ሲያሻሽለው የኖረው ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ ሥራዎች ምደባ ነው። በ2008 የወጣው አራተኛው እትም 21 ዋና ክፍሎች አሉት። የሚያዝዘው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ የሠራተኛውን ሙያ ተዉት፣ የዕቃውን ዓይነት ተዉት፣ ድርጅቱ አብዛኛውን እሴት የሚጨምርበትን ሥራ ያዙ።

ተዉት የተባለውን መተው ከባድ ነው። ዛፍ መቁረጥ ደን ነው፤ ያንኑ ዛፍ ጣውላ ማድረግ ፋብሪካ ነው፤ ጣውላውን መሸጥ ንግድ ነው። አንድ ሰው ሦስቱንም ቢሠራስ? እሴቱ ወደሚበዛበት። ዳቦ ጋግሮ የሚያከፋፍል ማምረት ላይ ይገባል፤ ያንኑ ዳቦ ጠረጴዛ ላይ አቅርቦ የሚያበላ አገልግሎት ላይ። ልብስ የሚነድፍ ግን አንዲት ስፌት የማይሰፋ፣ ሌላ አገር ያለ ፋብሪካ የሚያሰፋ ኩባንያስ? ጨርቁ የራሱ ከሆነ አምራች ነው፤ ጨርቁም የሰፊው ከሆነ ነጋዴ ነው። ስሙ በዓለም የታወቀ "ልብስ አምራች" በሠንጠረዡ ላይ ነጋዴ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የተዋረድኩበትን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሙሉ እሽግ የመጽሐፍ አሳታሚዎች ቅጽ ደረሰኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት የኮድ መጽሐፍ አሳታሚን ከማተሚያ ቤት ጋር አንድ ላይ ፋብሪካ ውስጥ ይከተዋል፤ እኔም እሱን አምኜ ሁሉንም ፋብሪካ አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን እሽጉ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ተመለሰ። የያዝኩት ሦስተኛው እትም ኖሯል። በአራተኛው እትም ማተም ፋብሪካ እንደሆነ ቀርቷል፤ ማሳተም ግን ወደ መረጃና ኮሙኒኬሽን ተሻግሯል። አለቃዬ አልተቆጡኝም፤ "ሽፋኑን አየሽው ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ" ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ሠንጠረዥ ሳነብ መጀመሪያ የማየው የምደባውን እትም ነው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የአንድ አገር ኢንዱስትሪ "ያሽቆለቆለው" አንዳንዴ መጽሐፉ ሲቀየር ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከፋም አለ። አንድ ፋብሪካ አሥር ጽዳት ሠራተኞች አሉት እንበል። የሚቆጠሩት በፋብሪካው ውስጥ ነው፣ ማለትም በኢንዱስትሪ። አስተዳደሩ ጽዳቱን ለውጭ ድርጅት በኮንትራት ሰጠና ያው ሰዎች በአዲሱ ድርጅት ተቀጠሩ። በነጋታው ያንኑ ወለል በዚያው መጥረጊያ ይጠርጋሉ። በሠንጠረዡ ላይ ግን አሥር ሰው ከኢንዱስትሪ ወጥቶ አገልግሎት ገብቷል። "የአገልግሎት ዘርፍ አደገ" የሚለው ዜና ውስጥ የዚህ ዓይነት ስንት መጥረጊያ እንዳለ ጠይቁ።

የማዕድን ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። መማሪያ መጽሐፉ ማዕድንን የመጀመሪያ ዘርፍ ይለዋል። የዓለም ባንክ ሠንጠረዥ ደግሞ ማዕድንን፣ ግንባታን፣ መብራትንና ውኃን ከፋብሪካ ጋር "ኢንዱስትሪ" ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ ነዳጅ ከመሬት ቀድታ ከመሸጥ ሌላ እምብዛም የማትሠራ አገር ኢንዱስትሪዋ ግማሽ ኢኮኖሚዋን የሚያህል ሆኖ ታዩታላችሁ። ፋብሪካ ፍለጋ ስትሉ "ማኑፋክቸሪንግ" የሚለውን ዓምድ ለብቻው እዩ።

ድርሻውን ለመለካት

አንድ ሸሚዝ ውሰዱ። የገንዘቡን ስም ተዉት፤ ቁጥሩ ይበቃል። ገበሬው ጥጡን በ20 ሸጠ። ፈታዩ ፋብሪካ ክር አድርጎ በ35 ሸጠ። ሸማኔው ፋብሪካ ጨርቅ አድርጎ በ60። ልብስ ሰፊው ሸሚዝ አድርጎ በ100። ሱቁ ለእናንተ በ150።

ሽያጮቹን ብትደምሩ 365 ይመጣል። ስሕተት ነው፤ የገበሬው 20 አምስት ጊዜ ተቆጥሯል። መቆጠር ያለበት እያንዳንዱ የጨመረው ብቻ ነው፦ ገበሬው 20፣ ፈታዩ 15፣ ሸማኔው 25፣ ሰፊው 40፣ ሱቁ 50። ድምሩ 150፣ ልክ የከፈላችሁት። (ገበሬው ለዘርና ለማዳበሪያ የከፈለውን እንዳልከፈለ ቆጥሬለታለሁ፤ ለትምህርት ነው።) በዘርፍ ሲከፈል ግብርና 20፣ ኢንዱስትሪ 80፣ አገልግሎት 50። ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት የሚባለው በሚሊዮን ለሚቆጠር ሸሚዝ፣ ጥርስ ነቀላና የአውቶቡስ ጉዞ ይኸው ሒሳብ ሲደገም ነው።

የዘርፍ ድርሻ ሲነገራችሁ የምርት ነው ወይስ የሠራተኛ ብላችሁ ጠይቁ። በዓለም ደረጃ ግብርና ከምርቱ የሚይዘው 4 በመቶ ገደማ ነው፤ ከሠራተኛው ግን ሩብ ያህሉን ይይዛል። ሁለቱም አሃዝ ትክክል ነው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንድ ገበሬ በአማካይ ምን ያህል ትንሽ እንደሚያገኝ ይናገራል። አሜሪካ ውስጥ በ1900 ከሠራተኛው 40 በመቶ ያህሉ እርሻ ላይ ነበር፤ ዛሬ 2 በመቶ አይሞላም። ሰዎቹ የሄዱት ትራክተሩ ስለመጣ ነው እንጂ እህሉ ስላነሰ አይደለም፤ ምርቱማ ጨምሯል። "ግብርናው ድርሻው ቀነሰ" ማለት "ግብርናው ወደቀ" ማለት የሚመስለው ሰው ይህን ቢያይ ጥሩ ነው።

እጃችሁን ለማፍታታት

ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድ ላይ በእነዚህ ላይ ሞክሩ። እኔ ክፍል ውስጥ የምሰጣቸው ናቸው።

በመንግሥት ሆስፒታል የምትሠራ ሐኪም፦ የማን? የመንግሥት። ምን? አገልግሎት። ማን ይወስናል? በጀቱን መንግሥት፤ ሕመምተኛው ግን ሐኪሙን መርጦ የሚሄድበት አገር ከሆነ በከፊል እሱ።

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቋመው የወተት ማቀነባበሪያ፦ የማን? የአባላቱ፤ ስለዚህ የመንግሥት አትበሉ። ምን? ብዙዎቹ "ግብርና" ይላሉ፤ ማለብ ግብርና ነው፣ ማቀነባበር ግን ፋብሪካ።

ዋጋው በመንግሥት የተቆረጠበት የግል ታክሲ፦ የማን? የግል። ምን? መጓጓዣ፣ አገልግሎት። ማን ይወስናል? እዚህ ላይ ክፍሉ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል። መኪናውን የገዛው ግለሰብ ነው፣ ታሪፉን የቆረጠው መንግሥት ነው፣ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚወስነው ሾፌሩ ነው። ከዚያ አራተኛዋን ጥያቄ እወረውራለሁ፦ ዝናብ ሲዘንብ ዋጋው ይንራል ወይስ ሰልፉ ይረዝማል? አንዷ ተማሪዬ እጇን አውጥታ "ሰልፉም ይረዝማል፣ ሾፌሩም በጎን ያስጨምራል" አለችኝ። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።